«የራስ ሸራ»፦ በአንድ ገጽ ትርጕም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ተርጓሚውን ባስቸገረው ቃል ላይ አይደለም። ለአስቸጋሪው ቃል ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ዐዋቂ ይጠይቃል፤ ካልሆነለትም ቃሉን እንዳለ ጽፎ በግርጌ ያብራራል። ስሕተቱ የሚሸሸገው «ይህንንስ ዐውቀዋለሁ» ብሎ በዘለለው ቃል ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስሕተት በአንድ ገጽ ትርጕም ላይ ለማሳየትና ከዚያም ተነሥቶ ለባሕር ሙያ ቃላት አሰያየም አንድ መንገድ ለመጠቈም የተዘጋጀ ነው።

ገጹ የተወሰደው ጀማሪዎችን ከሚያስተምር አንድ የእንግሊዝኛ የመርከበኝነት መመሪያ ነው። የሚናገረውም ባለሸራ ጀልባ ነፋሱን ተሻግራ ስትዞር የፊተኛው ሸራ እንዴት እንደሚያዝ ነው። አምስት ተርጓሚዎች ሳይመካከሩ በየግላቸው ወደ አማርኛ መለሱት። ከዚያም በሐረር፣ በጀጎል ውስጥ በአንድ ወዳጄ ቤት ነደባ ላይ ተቀምጠን አምስቱን ትርጕም ጐን ለጐን አነበብን። አምስቱም ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ከስሕተቶቹ አንዱ የእኔው ነበር።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ስለ ሸራ ለመነጋገር እርስዋን መምረጣችን አንባቢን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከተማዪቱ ለብዙ ዘመን ከዘይላዕና ከበርበራ ወደቦች ጋር በግመል ቅፍለት የተሳሰረች ነበረች። ከሐረር የወጣው ቡና ግመል ላይ ተጭኖ ይወርዳል፤ ከወደቡ ወዲያ ደግሞ ሸራ ይረከበዋል። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 በኦክቶበር መጨረሻ ከዓደን ወደ ዘይላዕ በባለሸራ ጀልባ ተሻግሮ በጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻም የሐረሪ ቋንቋ የሰዋስው ንድፍና የቃላት ዝርዝር አያይዟል። አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ የመጣው በዚሁ በዘይላዕ በኩል ነው፤ በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ የወረደውም በዚያው መንገድ ነው። የምድር ባቡር በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ የቅፍለቱ መንገድ ቀዘቀዘ። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በ1911 ወደዚህ ምድር የመጣው ፈረንሳዊ አንሪ ደ ሞንፍሬድ በገዛ ጀልባዎቹ ቀይ ባሕርን እየተመላለሰ በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮ፣ በሐረር አጠገብ በአራዌ ደግሞ መኖሪያ ነበረው። እነዚህ ሁሉ ያዩትን ባሕርና ሸራ በየቋንቋቸው ጽፈዋል። በአማርኛ የጻፈው ግን አልተገኘም።

ይህ ጕድለት የታሪክ ቅሬታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የኢትዮጵያ ባሕር ኀይል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠረት መኰንኖቹ የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ነው። በምፅዋ ወደብ ላይ ገመድ ሲስቡና ሲለቁ እርስ በርሳቸው የተነጋገሩበት አማርኛ ግን ሳይኖር አይቀርም፤ ሰው ሥራ ላይ ሳለ በራሱ ቋንቋ ይጮኻልና። ያን ንግግር የሰበሰበ የቃላት ሥራ ሳይታተም በ1993 የባሕሩ ዳርቻ ከአገሪቱ ተለየ፤ በ1996 ባሕር ኀይሉ ፈረሰ፤ ሰዎቹም ተበተኑ። ከ2018 ወዲህ ባሕር ኀይሉን መልሶ የማቋቋም ሥራ ተጀምሯል፤ በባሕር ዳርም የንግድ መርከብ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። የመመሪያ ትርጕም ሲጠየቅ የሚቀርበው እንግዲህ አምስቱ ተርጓሚዎች የጻፉትን የመሰለ ነው። በገመድና በመጠምጠሚያ መካከል ጣቱን ያስገባ ሰው የተሳሳተ ትእዛዝ ቢሰማ የሚጐዳው ጣቱ ነውና ነገሩን አቅልለን ልናየው አይገባም።

ትርጕሞቹን ከመመርመራችን በፊት ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከአምስቱ ተርጓሚዎች አራቱ ይህን ሳያደርጉ ነው ብዕር ያነሡት።

ባለሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ መሄድ አትችልም። ልትጠጋ የምትችለው ከነፋሱ መስመር ወደ 45 ዲግሪ ያህል ድረስ ነው። ስለዚህ ነፋሱን አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ጐንዋ እየተቀበለች ትጠማዘዛለች፤ ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ተራራውን ፊት ለፊት ሳይገጥም እየታጠፈ እንደሚወጣው ማለት ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የጀልባዪቱ ፊት የነፋሱን መስመር ቈርጦ ያልፋል፤ ሸራዎቹም ከአንዱ ጐን ወደ ሌላው ይዛወራሉ።

የፊተኛው ሸራ ሦስት ማእዘን አለው። አንዱ ማእዘን ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛው ከጀልባዪቱ ፊት ጫፍ ላይ ታስሯል፤ ሦስተኛው ነጻ ሆኖ ሁለት ገመዶች ተያይዘውበታል፤ አንደኛው በቀኝ፣ ሁለተኛው በግራ በኩል ወደ ኋላ ይመጣሉ። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ገመድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን በተቃራኒው ያለው። ሁለተኛው ላልቶ ተራውን ይጠብቃል። መሪውን የያዘው ሰው ሊዞር መሆኑን ሲያስታውቅ ገመድ ያዡ የተጠመጠመውን ገመድ ቀንሶ ይዘጋጃል፤ ነገር ግን አይለቅም። ጀልባዪቱ መዞር ስትጀምር የሸራው የፊት ጠርዝ ነፋስ ያጣል። ለመልቀቅ ሰዓቱ ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ከማዶ ያለው ሰው፣ ነፋሱ ሸራውን ሞልቶ ሳያከብድበት፣ ሁለተኛውን ገመድ በእጁ ፈጥኖ ይስባል፤ የቀረውን በመጠምጠሚያ ያጠብቃል። ገመዱ ቀድሞ ከተለቀቀ ጀልባዪቱ ጕልበት አጥታ ፊትዋን ወደ ነፋስ እንደ ሰጠች ልትቆም ትችላለች። ከዘገየ ደግሞ ነፋሱ ሸራውን በተሳሳተው ወገን ይሞላውና የጀልባዪቱን ፊት ይገፋል። ይህ ሁለተኛው ግፊት ጀልባዪቱ ነፋስ ላይ ተገትራ በቀረች ጊዜ ሆን ተብሎ ይሠራበታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ትርጕሞቹ እንመለስ። በእንግሊዝኛው ላይ ያ የሚሳበውና የሚለቀቀው ገመድ «ሺት» ይባላል። ከአምስቱ አንዱ «አንሶላ» ብሎ ተረጐመው። ሁለቱ፣ አንሶላ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል ብለው ሳይጠራጠሩ አልቀሩም፣ «ሸራ» አሉት። አንዱ «ሺት» ብሎ እንዳለ አስቀረው። አንዱ ብቻ «ገመድ» አለ። በ«አንሶላ» ብዙ ሳቅን፤ ጕዳቱ የባሰው ግን «ሸራ» ያሉት ሁለቱ ዘንድ ነው። አንሶላ ያለው ትርጕም አንባቢውን ስለሚያደናግረው ማንም አይታዘዝለትም። «ሸራውን ልቀቅ» የሚለው ግን ግልጥ አማርኛ ነው፤ የሰማውም ሰው ሸራውን ከምሰሶው ላይ ያወርደዋል፤ ጀልባዪቱም ነፋስ መካከል ሥራ ትፈታለች። ግልጥ ሆኖ የተሳሳተ ትርጕም ከድንግዝግዙ ይልቅ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው።

የዚህ ቃል ታሪክ ለሥነ ልሳን ሰው ትምህርት አለው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሸራውን የታችኛውን ማእዘን የሚጠራ አንድ ቃል ነበረ፤ ገመዱም «የማእዘኑ ገመድ» ይባል ነበር። ኋላ ላይ «ገመድ» የሚለው ክፍል ወደቀና የቀረው ክፍል በድምፅ ከ«አንሶላ» ጋር ተገጣጠመ። ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን የተሰናከሉት እንግሊዝኛው ራሱ ከብዙ ዘመን በፊት ባጠፋው ልዩነት ላይ ነው።

ቃሉን እንዳለ መዋስ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ባለክርክሩ የፊተኛውን ሸራ በእንግሊዝኛው አጭር ስሙ «ጅብ» ብሎ ጽፎታል። መዋስን በጥቅሉ የምቃወም ሰው አይደለሁም። ሸራ፣ ጀልባ፣ ሳምቡክ ሁሉም ከዐረብኛ መጥተው አማርኛ የሆኑ ናቸው፤ ደቀል የሚለው የመርከብ ምሰሶ ስምም በግእዝና በዐረብኛ አንድ ነው። ነገር ግን «ጅቡን ፍታ፤ ጅቡን ወደ ግራ ሳብ» የሚል መመሪያ በየትኛውም ከተማ ቢነበብ ሐረር ላይ ሊነበብ አይችልም። ሲመሽ ከቅጥሩ በሮች ውጭ ጅብ በእጁ የሚያበላ ሰው ባለበት፣ ግንቡም ራሱ ወራባው የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ በተበጀለት አገር፣ ይህ ትእዛዝ ሌላ ሥራ ያሠራል። ባለክርክሩ ራሱ ከማናችንም በላይ ሳቀና ቃሉን ሰረዘው። የተዋሰ ቃል ቤት ውስጥ ያለ ስመ ጥር ነባር ቃል ከገጠመው መዋሱ አያዋጣም።

አምስቱንም ያሳተው ግን የገጹ ርእስ ነው። እንግሊዝኛው ከምሰሶው ፊት የሚሰቀሉትን ሸራዎች በአንድነት በ«ራስ» እና በ«ሸራ» አጣምሮ ይጠራቸዋል። አምስቱም፣ አንድም ሳይቀር፣ «የራስ ሸራ» ብለው ተረጐሙት። ቃል በቃል ሲታይ እንከን ያለበት አይመስልም። በአማርኛ ግን «የራስ ሸራ» ሦስት ነገር ይባላል፤ አንዱም የፊተኛው ሸራ አይደለም። በመጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚደርሰው «የገዛ ራስ የሆነ ሸራ» የሚለው ነው፤ የራስ ቤት፣ የራስ ገንዘብ እንደምንለው። ሁለተኛው የማዕርግ ስም ነው፤ ከ1887 እስከ 1906 ራስ መኰንን ባስተዳደሩት ከተማ ውስጥ «የራስ ሸራ» ሲባል ድንኳናቸው የተወሳ ይመስላል፤ ሸራ የድንኳንም ጨርቅ ነውና። ሦስተኛው፣ በሙያው ውስጥ፣ ራስ ማለት የማንኛውም ሸራ የላይኛው ማእዘን ስለሆነ፣ አንባቢው ከላይ የሚሰቀል ሌላ ሸራ ያለ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ራስ ያለው ጫፍን፣ የጀልባዪቱን ፊት ነው። አማርኛ ለዚህ ግንባር የሚል ቃል አለው። «የግንባር ሸራ» ቢባል ቦታውን በትክክል ያመለክታል፤ ከባለቤትነትም ከማዕርግም ነጻ ነው።

ሌላው ቃል «ታክ» ነው፤ የመዞሩ ሥራ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት። ይህ አንድ ቃል በአንዲቱ ገጽ ላይ በሦስት ፍቺ ይመላለሳል፦ ከፊት የሚታሰረውን የሸራውን ማእዘን፣ ጀልባዪቱ ነፋሱን በአንዱ ጐን ተቀብላ የምትሄድበትን ጕዞ፣ ከአንዱ ጕዞ ወደ ሌላው የሚደረገውንም መሻገር። ጥንት ማእዘኑን የሚይዘው ማሰሪያ ስም ነበረ፤ በየመዞሪያው ማሰሪያው መዛወር ስላለበት ስሙ ወደ ሥራው ተላለፈ። ከተርጓሚዎቹ ሦስቱ ለሦስቱም ፍቺ «አቅጣጫ መለወጥ» የሚለውን ሰጡ፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዐረፍተ ነገር የሸራው አቅጣጫ መለወጥ ከገመድ ጋር ይታሰር ብሎ ያዝዛል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ ይኑረው የሚለው ልማድ እዚህ ላይ መቅረት ይኖርበታል። ማእዘኑ «የታሰረው ማእዘን»፣ ጕዞው «የቀኝ ነፋስ ጕዞ» እና «የግራ ነፋስ ጕዞ»፣ ሥራው ደግሞ ሌላ ስም ሊኖራቸው ይገባል።

ለሥራው ስም እኔ ቀድሞ «በፊት መዞር» የሚል ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ከዚህ ሌላ የሆነ፣ ጀልባዪቱ ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ የምትዞርበት ሥራም ስላለ፣ እርሱን «በኋላ መዞር» ብዬ ለይቼዋለሁ። ሁለቱ አጭርና የተመጣጠኑ ስለሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ከተርጓሚዎቹ አንዲቱ፣ በዕድሜ ከሁላችን የምታንሰው፣ ረቂቁን አንብባ፣ «ጋሼ፣ በኋላ ዙር ካሉኝ አሁን አልዞርም» አለችኝ። እውነትዋን ነው። «በፊት» እና «በኋላ» በአማርኛ የቦታ ብቻ ሳይሆኑ የጊዜም ቃላት ናቸው፤ እንዲያውም ያለ ዘርፍ ብቻቸውን ሲቆሙ ጊዜን ማመልከታቸው ያይላል። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ይህን ማየት ነበረበት።

ስለዚህ አሁን የማቀርበው «በግንባር መሻገር» እና «በጀርባ መሻገር» የሚሉትን ነው። «በግንባር» በፍርድ ቤት ቋንቋ ፊት ለፊት መቅረብን ስለሚያመለክት ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ማለፍን ያለ ችግር ይሸከማል። «መሻገር» የሚለውም ግስ «ነፋሱን» ብሎ ተሳቢ መውሰድ ይችላል፤ «መዞር» ይህን አይችልም። የሚሻገሩት ነገር መኖሩን አንባቢው ከግሱ ይረዳል።

በጀርባ መሻገርን ለብቻው መሰየም አስፈላጊ መሆኑን ያስረዱን የቤቱ ጌታ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ጅቡቲ ላይ በሳምቡክ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሲያዳምጡን ቆይተው መጡና፣ እነርሱ በግንባር ይሻገሩ እንዳልነበረ ነገሩን። የሳምቡክ ዋና ሸራ ከረጅም አጣና ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አጣናውም ከምሰሶው ጋር በሰያፍ ይያያዛል። ነፋሱ ከፊት ቢመታው ሸራውን ከምሰሶው ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ መርከበኞቹ ጀልባዪቱን ከነፋሱ አሽሽተው በጀርባ ያዞሩአታል፤ በዚያው ጊዜ አጣናውን አቁመው በምሰሶው ፊት ወደ ሌላው ጐን ያሻግሩታል። ብዙ ክንድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «አባባ፣ ታዲያ የግንባር ሸራ አልነበራችሁም?» ብሎ አንዱ ጠየቃቸው። በእርሳቸው ሳምቡክ አልነበረም። ትልልቆቹ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከፊት በተዘረጋ እንጨት ላይ ትንሽ ሸራ ይታሰር እንደ ነበር ግን አስታወሱ።

ይህ ምስክርነት አንዱን ተስፋዬን አጨለመው። ከቀይ ባሕር መርከበኞች ቋንቋ ቃል ሰብስበን ለዘመናዊው ባለሸራ ጀልባ እናውላለን የሚል አሳብ ነበረኝ። መሣሪያው ሌላ፣ ሥራውም ሌላ ከሆነ ቃሉን ብቻ ማሸጋገር አይቻልም። የሳምቡክ ቃላት መሰብሰብ ያለባቸው ለራሳቸው ሲሉ ነው፤ የሚያውቁአቸው ሰዎች ሳያልፉ።

ነባሩ አማርኛስ ምን ያቀርባል? በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የሚሄደው በመቅዘፊያና በዘንግ ነው፤ ሸራ የለውም። ስለዚህ ቀዘፋ ሙሉ ቃላት ሲኖሩት የሸራ ሥራ ስም አጥቷል። ነፋስን የሚያውቀው አማርኛ ያለው ሐይቅ ላይ ሳይሆን አውድማ ላይ ነው። እህሉን በመንሽ ለነፋስ የሚሰጥ ገበሬ የሚቆምበትን ወገን ያውቃል፤ ገለባው የሚሄድበትንም ያውቃል። ተርጓሚዎቹ ነፋሱ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ጐን «ላይኛው» እና «ታችኛው» ብለው ነበር፤ ጀልባ ላይ ግን ላይና ታች ሌላ ነገር ነው። «የነፋስ ወገን» እና «የከለላ ወገን» ቢባል ለገበሬውም ለመርከበኛውም ይገባል። የሚሠራው ገመድ ዘወትር በከለላ ወገን ያለው ነው።

በግሶች በኩል ደግሞ አማርኛ ድኻ አይደለም፤ እንዲያውም ተርጓሚዎቹ ሀብቱን አልተጠቀሙበትም። እንግሊዝኛው ገመድን በጥቂቱ መስጠትንና ፈጽሞ መተውን በሁለት ቃላት ይለያል፤ አራቱ ተርጓሚዎች ሁለቱንም «መልቀቅ» አሉ። «አላላ» እና «ለቀቀ» እያሉልን። መሳቡንም እንዲሁ፦ በእጅ ፈጥኖ መውሰዱ «ሳበ» ነው፤ በመጠምጠሚያ መጨረሱ «አጠበቀ» ወይም «ወጠረ» ነው። ሸራው ነፋስ ሲያጣ የሚሆነውን አንዱ «ሲንቀጠቀጥ» ብሎታል፤ ብርድ የያዘው አስመሰለው። ያቺው ወጣት ተርጓሚ ግን «መጀመሪያ ሲረግብ ተዘጋጅ፤ ሲርገበገብ ልቀቅ» ብላ ጽፋለች። እንግሊዝኛው ላይ ይህን የሚያህል ዐረፍተ ነገር የለም። «ረገበ» እና «ተርገበገበ» ሦስቱን ተነባቢዎች ይጋራሉ፤ በሁለተኛው ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተደግመዋል። ድግምቱ የሸራውን መመላለስ ያሰማል፤ ሁለቱ ግሶችም የአንድ ሁኔታ ሁለት ደረጃዎች ሆነው ገመድ ያዡ ዐይኑን የት ላይ እንደሚያደርግ ይነግሩታል። ከአምስቱ ትርጕሞች ውስጥ ሳልነካ የማሳትመው ይህን አንድ መስመር ነው።

ገመዱን ራሱ ምን እንበለው? «ገመድ» ያለው ተርጓሚ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጀልባ ላይ ያለው ሁሉ ገመድ ነው። የሚሰቅለውም፣ ምሰሶውን የሚያቆመውም፣ ይህም። አንዱ ተርጓሚ በንባባችን መካከል «ዛብ» የሚል አሳብ አቀረበ። ፈረሰኛ ሁለት ዛብ አለው፤ አንዱን ሲስብ ሌላውን ያላላል፤ የግንባር ሸራም እንዲሁ በቀኝና በግራ ሁለት አለው። «የቀኝ ዛብ»፣ «የግራ ዛብ»፣ «ዛቡን አላላ» ሲባል ያለ ማብራሪያ ይገባል። የምጠራጠርበት ነገር አንድ ነው፤ ዛብ ፈረሱን ይመራል፣ ጀልባዪቱን የሚመራው ግን ሌላ መሣሪያ ነው። ጀማሪው በዛብ የሚነዳ ይመስለው ይሆን? ቀደም ብዬ እንደ ተናገርሁት ጀልባዪቱ ነፋስ ላይ ስትገተር ፊትዋን የሚያዞረው ይኸው ሸራ ስለሆነ ምስሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ለጊዜው «የሸራ ዛብ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የተሻለ ካለ ይምጣ።

ተርጓሚዎቻችንን ለማጽናናት አንድ ነገር ላክል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ቍጥር 40 ላይ ጳውሎስ የነበረበት መርከብ ወደ ዳር ሲነዳ ወደ ነፋስ የተነሣውን ሸራ ግሪኩ «አርቴሞን» ይለዋል። ቃሉ በሐዲስ ኪዳን ውስጥ በዚህ ስፍራ ብቻ ይገኛል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ «ዋናው ሸራ» ብሎ ተረጐመው። ጄምስ ስሚዝ የተባለ፣ ራሱ ጀልባ የሚነዳ የስኮትላንድ ሰው በ1848 ስለዚያ ጕዞ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነገሩ የፊተኛው ሸራ መሆኑን ከመርከብ ሥራ ተነሥቶ ተከራከረ፤ በ1881 የታረመው የእንግሊዝኛ ትርጕምም የፊተኛው ሸራ አለው። የ1611 ተርጓሚዎች ግሪክኛ አላነሣቸውም። ዳር ሊመታ የቀረበ መርከብ ፊቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የትኛው ሸራ እንደሚያስፈልገው የነገራቸው ሰው ነው ያልነበረው።

የቀረው የትእዛዝ ቃላት ጉዳይ ነው፤ ይህም ከስያሜ ይልቅ ለድምፅ ጥናት ይቀርባል። ትእዛዝ በነፋስና በውሃ ጩኸት ውስጥ የሚነገር ስለሆነ ተነባቢው ይጠፋና አናባቢው ይቀራል። ተርጓሚዎቹ ለመያዝ «ጠብቅ»፣ ለማጥበቅ «አጥብቅ»፣ ለመተው «ልቀቅ» ብለዋል። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይዘጋሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ የሚለያዩት ፊት ላይ ባለች አንዲት አናባቢ ነው። አንዱ እጅህን አታንቀሳቅስ ሲል ሌላው ባለህ ኀይል አጥብቅ ይላል። ጾታና ቍጥርም አለ፦ ሳብ፣ ሳቢ፣ ሳቡ። እንግሊዝኛው የማያውቀው ጣጣ ነው። ወጣቱ መሪ ታላቁን ሰው «ሳብ» ሊላቸው አይችልም፤ «ይሳቡ» እስኪል ደግሞ ሰዓቱ ያልፋል። በብዙ ቍጥር ለሁሉም መናገር ሁለቱንም ችግር ያቃልላል፤ ማንንም ለይቶ አይደፍርምና።

በማግስቱ ጥዋት በሸዋ በር ገበያ ጫጫታ መካከል ርቀን ቆመን ቃላቱን ተጯጯኽን። ነገሩን ያላወቁ ሴቶች ገበያ ላይ የተጣላን መስሎአቸው ሊገላግሉን መጥተው ነበር። «ጠብቁ» እና «አጥብቁ» እንደ ጠረጠርነው ተደበላለቁ። በ«ጠብቁ» ፋንታ ያቀረብሁት «ያዙ» ከ«ሳቡ» ጋር ተምታታ፤ የሁለቱም አናባቢ አንድ ነው። «ልቀቁ» እና «ሳቡ» ግን አልተምታቱም። ለመያዝ «ቆዩ» የሚለውን ያቀረቡት ትናንት ስለ ሳምቡክ የነገሩን አዛውንት ናቸው፤ እርሱንም ከገበያው ማዶ፣ የቃሪያ ሻጮቹ ተራ ካለቀበት ድረስ፣ አምስቱም ሰሙት።